በአንድ እጅ የተፈረሙ ሁለት ወረቀቶች

ለተከበሩ የአእምሮ ጤና መርማሪ ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከተገደሉት አራት ሴቶች የመጨረሻዋ፣ በካውያ ክፍል ትሠራ የነበረችው፣ ታናሽ እህቴ ናት። ገዳዩ ባለፈው ሳምንት በስቅላት ስለተቀጣ ጉዳዩ ተዘግቷል ተብያለሁ፤ ምስጋናዬን ሳላደርስ ዝም ብል ግን ነውር መሰለኝ።

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው ወረቀት አመሰግናለሁ። ሁለተኛዋ ሴት ሞታ በተገኘች በሳምንቱ፣ ፖሊስ፣ የልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች «እሺታው» የሚሉትን የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ አንሶላ ተሸካሚ ይዞልዎ መጥቶ ነበር። እርስዎም በአንድ ረፋድ መርምረው «አእምሮው ከሰባት ዓመት ልጅ ስለማይበልጥ እንዲህ ያለውን ወንጀል አስቦ ሊፈጽም አይችልም» ብለው ፈረሙ፤ ሰውየውም ተለቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። በዚያው ቀን እናቱ ደጅዎ ላይ ቆመው «ጌታዬ፣ እዚሁ አቆዩልኝ፤ እጁ ተቧጭሮ ነው የሚመጣው፤ እኔ አልቻልኩትም» ማለታቸውን በችሎት ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን በእናት ጭንቀት የሚናወጡ ሰው ስላልሆኑ «ማመልከቻ ይዘሽ ነይ» አሏቸው። ሰው ለምነው አጽፈው ይዘው መጡ። ማመልከቻው «ለመረጃ ይያዝ» የሚል ማኅተም አርፎበት እስከ ዛሬ በክብር ተይዟል።

ወረቀትዎን ከሁሉም በላይ ያመነችው እህቴ ነበረች። ሌሎቹ ሲያሾፉበት «ተዉት፣ ልጅ ነው» የምትለው እሷ ነበረች። ሦስተኛዋ ሴት ከሞተች በኋላ፣ ከእሱ ጋር ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ብቻሽን አትውረጂ ብዬ ለመንኳት። «ሐኪሞቹ እኮ አጣርተው ነው የለቀቁት፤ አንቺ ከሐኪም ትበልጫለሽ?» አለችኝ። እውነትም ከሐኪም አልበልጥም። በማግስቱ ከምሳ በፊት ንጹሕ አንሶላ ልታመጣ ወረደች።

ሁለተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ወረቀት። ሕጉ አእምሮው ያልጎለመሰ ሰው በሞት አይቀጣም ስለሚል፣ እሺታው ከእህቴ ሞት በኋላ ዳግም ተይዞ ሁሉንም ሲያምን ቦርድዎ ዳግመኛ ተጠየቀ። በፍርድ ቤቱ ደጅ ስቅላት የሚጠይቅ ሕዝብ ቆሞ ነበር፤ እኔም የእህቴን ፎቶ ይዤ መካከላቸው ነበርኩ። እርስዎም አውቶቡስ ለይቶ ይሳፈራል፣ የእህቴን ቦርሳ ደብቋል ብለው «አእምሮው የተሟላ ነው» የሚል ወረቀት ፈረሙ። ያው ፊርማ፣ ያው ማኅተም። ትምህርት ቤት በስምንት ዓመት ፊደል ሊያስቆጥረው ያልቻለውን ሰው በአሥር ወር ለአካለ መጠን ማድረስዎ ያስደንቃል።

በችሎት ዳኛው «የተከሰስክበት ገብቶሃል?» ሲሉት «አዎ» አለ። ጠበቃው ተነስቶ «አልገባህም፣ አይደል?» ቢለው «አዎ» አለ። አንዳንዶች ሳቁ። አልዋሽዎትም፣ እኔም ስቄያለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ቦርሳውን ከቆሻሻ አንሶላ ሥር ለምን እንደደበቀው ሲጠይቀው ግን «እንዳይቆጡኝ» አለ፤ ያን ጊዜ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ጥፋት መሆኑን አውቋል ማለት ነው። ምን ያህል ጥፋት መሆኑን ማወቁን ግን እኔ እንጃ። ያንን ይነግሩን ዘንድ የተሾሙት እርስዎ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ከሟች ቤተሰብ አንድ ሰው ቅጣቱን እንዲያይ ስለተፈቀደ በተመደበልኝ ወንበር ተገኝቻለሁ። አዲስ ሸሚዝ አልብሰውት ነበር፤ ቁልፎቹን አዛንፎ ስለቆለፋቸው ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አስተካከለለት። ደስ ብሎት ሸሚዙን በመዳፉ ዳበሰው። ፍርዱ ተነበበ። «የመጨረሻ ቃል አለህ?» ተባለ። «አዎ» አለ። ጠበቅን። እሱም አብሮን ጠበቀ።

ይገላግለኛል ብዬ የሄድኩበት ነገር አልገላገለኝም። ስወጣ እናቱ አስከሬኑን ሊረከቡ የእስር ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላም ልበላቸው አልበላቸው ሳመነታ፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ነግሬያቸው ነበር» አሉኝ። እስኪያመጡላቸው ድረስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

እንግዲህ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ መጋረጃ ሰፊ ብሆንም አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እውነቱ የቱ ነው? የመጀመሪያው ወረቀት እውነት ከሆነ ልጅ አሰቅለዋል። ሁለተኛው ከሆነ ነፍሰ ገዳይ ለቀው እህቴን አስገድለዋል። ከሁለቱ አንዱን መርጠው ቢያሳውቁኝ፣ ማንን እንደማለቅስ አውቅ ነበር።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ብዕርዎ እንዳይደርቅ፣ እጅዎም መቼም እንዳይንቀጠቀጥ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የሟቿ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ አንዲት ሌላ እናት ጎልማሳ ልጃቸውን በእጁ ይዘው ከቢሮዎ ደጅ ተቀምጠው አየሁ። ሦስተኛ ቀናቸው መሆኑን ነገሩኝ። እባክዎ ያስገቧቸው። እኔ እንኳ ሌላ እህት የለኝም፤ ሌላው ሰው ግን አለው።