በክር የተለካው ካፖርት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

በጎች አየሁ ብላ መንገድ መሀል መኪና አስቆመችኝ። እማዬ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሆናል። ከመንዝ እዚህ በርገን ከመጣች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ከተማውን ላሳያት ብዬ ከሥራ ለምኜ ያገኘኋትን ግማሽ ቀን የኖርዌይ በግ ስንጠብቅ ጨረስናት።

እረኛቸውስ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። አላመነችኝም። የጠፋ ከብት አይቶ ማለፍ ነውር ነው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ እንቁም አለች። ቆምን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ ዝናብ ላይ። ማንም አልመጣም። ከዚያ ጠጋ ብላ ኋላቸውን አየችና አፏን ያዘች። «ላታቸውን ማን ቆረጠው?» አለች። የዚህ አገር በግ ላት የለውም፣ ጅራቱ እንዲህ ቀጭን ነው ብላት «እንግዲያው ፍየል ነው» ብላ ነገሩን ዘጋችው፤ ተሳሳቅን።

እስካሁን እማዬን ያስደነገጧት (ለወንድሜ ለአሸናፊ እንድነግረው ልጻፋቸው)፦

ፀሐይ። እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት አትጠልቅም። «ይቺም ሥራ ፈት ናት» እያለች መጋረጃ ትዘጋለች።

ውሻ የዝናብ ልብስ ለብሶ። ይህንን ዘመሮ ገበያ ላይ ባወራ ፀበል ይወስዱኛል አለች።

ሥራዬ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶችን ቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ልጅ የላቸውም? አላቸው። ሞተዋል? አልሞቱም። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

ጎረቤቴ። ሦስት ዓመት ግድግዳ ተጋርቼው ስሙን አላውቅም። በዚህስ እኔም ደነገጥኩ።

እሷ ግን ለጉብኝት አልመጣችም። የመጣችው ለካፖርት ነው። ታላቅ ወንድሟን ጋሽ ደምሴን ዘንድሮ ብርዱ ጎናቸውን እየወጋ አስቸግሯቸዋል። ስለዚህ ልካቸውን በክር ለክታ አመጣች። አንድ ነጭ ክር፣ ሦስት ቋጠሮ፦ ትከሻ፣ ክንድ፣ ቁመት። መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ነው አውሮፕላን የተሳፈረችው።

አባቴ ሲሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ያሳደጉኝ ጋሼ ናቸው። አሁን እሷ እስክትመለስ እሷ ቤት እያደሩ በጎቿን ይጠብቁላታል። ለእኔ ባና ልከውልኛል፣ ከራሳቸው በጎች ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ። ቤቴ በግ በግ ይሸታል። ደስ ይላል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ጋሼ ሞቱ።

እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ተጻፈ።

ወንድሜ አሸናፊ ከመሐል ሜዳ ደወለልኝ። እዚያ ነው የሚያስተምረው። ሥራ ላይ ነበርኩ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱ፣ የእማዬን በጎች አስወጡ፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንደተቀመጡ ቀሩ። አልታመሙም፣ አልተኙም። ትናንት! እኛ ዝናብ ላይ ቆመን የሰው በግ ስንጠብቅ። ቀብራቸው ዛሬ ነው።

ከዚያ ደግሞ «ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትይ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ጨርሰዋል። አገሯ ትግባ፣ አንድ ሌሊት ትረፍ፣ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። ወጉ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ስድስት ቀን ሙሉ እንዴት እደብቃታለሁ አልኩት። ማክሰኞ ነው የምትሳፈረው።

«በሰው አገር ማን አብሯት ያለቅሳል?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁት።

የማጥባቸው አሮጊት መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ውሃውን ከፈትኩ፣ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ። ስወጣ ምንም ሳይጠይቁ እጄን ያዙኝ። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ የሚያውቁት ነገር አለ።

ቤት ስገባ እማዬ ዓይንሽ ምን ሆነ አለችኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ውዬ ነው አልኳት። መረቀችኝ፣ ለአሮጊት ያበሰለ ይጸድቃል ብላ። ለጋሼ እንደውልላቸው አለችኝ። ኔትወርክ የለም አልኳት። ይህንን ለምዳዋለች፤ አመነችኝ። ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ካፖርቱን ገዛን።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

አመመኝ ልበል ብዬ አስቤ ነበር። እሷ ግን ከማለዳ ጀምራ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ሱቁ ውስጥ ከመቀነቷ ክሩን ፈታችና እያንዳንዱን ካፖርት ትለካው ጀመር። ሻጯ ልጅ ሜትር ይዛ መጣች። እማዬ እጇን በትህትና ገፋች። «የእኔ አይሳሳትም በያት» አለችኝ። በኖርዌይኛ እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም።

የክሩን አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩ። የጋሼ ትከሻ እጄ ላይ ነው። እንኮኮ ይሉኝ ነበር በዚህ ትከሻ። ክሩን ሳላላው ወጠር አድርጊው እንጂ ብላ ተቆጣችኝ።

ጥቁሩ በልኩ ነበር። «ጥቁር የሐዘን ነው፣ አልፈልግም» አለች። ቡናማውን አነሳች። አንድ ነገር ልበል ብዬ እጅጌው ይረዝማል አልኳት። ይርዘም፣ ሲበርደው እጁን ይሸሽግበታል አለች። ከዚያ ልበሽውና ልየው አለችኝ። ለበስኩት። መስታወቱ ፊት ቆሜ ራሴን አየሁ፣ እሷ ከኋላዬ ሆና ትከሻዬን እየዳበሰች «ዕድሜ ሰጥቶት በጤና ይልበሰው» አለች።

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ጉድ ሆንኩ። ፀጉሬን እየታጠብኩ ሳለሁ ስልኬ ጠራ፤ እማዬ አነሳችው። አሸናፊ ነው። በአረፋ የተሞላ ጭንቅላቴን ይዤ ስሮጥ «አያ ደምሴን አቅርብልኝ» እያለችው ደረስኩ። የኔ ብልጥ ወንድም ደግሞ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ዘመሮ ሄደዋል፣ እዚያው ነው የሚያድሩት።

ስልኩን አስቀመጠች። በጎቼን ለማን ትቶ ነው አለች። አሸናፊ ይጠብቃቸዋል አልኳት። «አሸናፊ እኮ በግና ውሻ አይለይም» አለች። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። መሳቄን ስሰማ ራሴን ጠላሁት።

ሐበሻው ሁሉ ሰምቷል። ጓደኛዬ ጽጌ ነገረቻቸው፤ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ለሰው ካልነገርኩት ልፈነዳ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ዛሬ የሠራሁት መልካም ነገር፦ በጾሟ ምስር ወጥ ሠርቼ አበላኋት፣ ጨው አበዛሽበት አላለችም። ሌላ የለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ተራራው ላይ በባቡር ወጣን። ዓይኗን ጨፍና ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው የወጣችው። ላይ ስንደርስ ገለጥ አድርጋ አየችና «ጓሳ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ጉሙም ብርዱም የመንዝ ሜዳችን ነው። እንዲህ ከሆነማ አውሮፕላኑ ምን ሊረባ አለች።

ስንወርድ በመቃብር ቦታ በኩል አለፍን። አንድ ሰውዬ ብቻውን አበባ ያጠጣል። ቆማ አየችው። ብቻውን? አለች። ለቅሶ የሚደርሰው የለም? እዚህ ሰው ሐዘኑን ለብቻው ነው የሚይዘው አልኳት።

ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳልጠይቃት አንድ ታሪክ ነገረችኝ። እዚያው መንዝ፣ ሞላሌ አጠገብ የነበረች ሴት፣ ልጇ በሩቅ አገር ሞቶባት ዘመዶቿ አንድ ዓመት ደብቀዋት ኖሩ። ሰርግ ይወስዷታል፣ ያጫውቷታል። በመጨረሻ ሲያረዷት ምን አለች መሰለሽ አለችኝ። «መደበቃቸውን ይቅር ብያለሁ። ያሳቁኝን ግን አልረሳም።»

ዓይኗን ላየው አልቻልኩም። ትናንት አሳቅኳት። ማክሰኞ በፍየሉ አሳቅኳት። ማክሰኞስ አላውቅም ነበር፣ የትናንቱን ግን ምን እላለሁ?

ብነግራት ወጉን አፈረስኩ፣ ሽማግሌዎቹን አዋረድኩ፣ ደግሞ ልቧ አንድ ነገር ቢሆን አውሮፕላን ላይ ብቻዋን ናት። ባልነግራት ስታውቅ ለዘለዓለም አጣታለሁ። ሁለት ቀን ቀረኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቅዳሴ ሄድን። የኖርዌጂያኖቹን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ነው የምንቀድሰው፤ አግዳሚ ወንበር መኖሩ አስደንግጧታል፣ አልቀመጥም ብላ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ሳሟት፣ እጇን ይዘው ቶሎ አይለቁም። ጽጌማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፊቴን አዞርኩ።

ወንጌል ሲነበብ የእማዬ እጅ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ነጠላዬን ሳብ አደረገችው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዘቅዝቄ ነው የለበስኩት! ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቴ ሥር፣ እንደ ሐዘንተኛ። ከቤት ስወጣ አላሰብኩትም፤ እጄ ነው በገዛ ፈቃዱ ያለበሰኝ። የአባቴ ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለበሰችኝ እሷው ናት፣ በአምስት ዓመቴ።

መልሳ አስተካከለችልኝ። ምን ነካሽ አላለችም። ሟርተኛ ብላ አልተቆጣችም። እጇን ግን ከትከሻዬ ላይ አላነሳችውም፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ።

በመኪና ተመለስን። መንገድ ዳር በጎች ነበሩ፣ አላየቻቸውም። ቤት ገብተን ምሳ በላን። ከመጣች ጀምሮ በየቀኑ አያ ደምሴን አገናኚኝ ትለኝ ነበር። ዛሬ አላለችም።

ፈራሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ልነግራት ወስኜ ነው የነቃሁት። የምላትን አልጋ ላይ ሆኜ ስደረድር ቆየሁ። ሳሎን ስወጣ የጋሼን ባና ወለል ላይ አንጥፋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

ተቀመጪ አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«አያ ደምሴን መቼ ቀበሩት?»

ረቡዕ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ሐሙስን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ።

«እያወቅሽ ነው የክሩን ጫፍ የያዝሽልኝ?»

እያወቅኩ ነው አልኳት። የሞላሌዋን ሴት ንግግር ስጠብቅ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«ልጄን፣ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለቀስነውን መጻፍ አልችልም። ነጠላሽን ሳይ ሰው እንደሞተብሽ አወቅኩ አለችኝ በኋላ። ማን እንደሆነ ደግሞ የነገራት አሸናፊ ነው፣ ሳያውቀው። አያ ደምሴ የእሷን በጎች ጥሎ ዘመሮ አያድርም፤ በሕይወት ካለ። ያንን ካፖርት አቅፋ «ያልለበስከው፣ ያልለበስከው» እያለች ስታለቅስ ቤቱ ተናወጠ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ነው። ፖሊስ ሊጠራብን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ምን ሆናችሁ አለ። ወንድሟ ሞቶ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ጫማውን አውልቆ ገባ። ወንበር ስሰጠው እምቢ ብሎ ወለሉ ላይ፣ ባናው ዳር ተቀመጠ፣ ረጅም እግሩን እንዴት እንደሚያጥፍ ግራ ገብቶት። እማዬ በእንባዋ መሀል «ስሙ ማነው?» አለችኝ። አፍሬ ጠየቅኩት። ኡላቭ ነው። ከሰዓት ጽጌና ሴቶቹ መጡ፤ ቤቴ የለቅሶ ቤት ሆነ።

ሰው ሲሄድ ፊቷን ታጠበች። ሻንጣዬን አምጪልኝ አለች። ለአሸናፊ ደውዬ ልንገረው ብላት ተቆጣች። ነገ ተሳፍራ ስትገባ እንዳልሰማች ትሆናለች። ሽማግሌ በማለዳ ብርድ ተነስቶ፣ የሚናገረውን ሲፈራ አድሮ ነው የሚመጣው፣ አውቄያለሁ ብዬ አፉን አልዘጋም፣ ወንድሜንም በወጉ ከአገሬው ጋር ላልቅሰው አለች። አንቺም ነገረቻት አትባይም አለችኝ።

ከሰው ጋር እየሳቅሽ ሌሊቱን እንዴት ትችይዋለሽ አልኳት።

«አንቺ አምስት ቀን ችለሽው የለ?»

ክሩን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። እኔ ካፖርቱ እዚህ ይቅር፣ በኋላ ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ላነሳው ስል እጄን ያዘችኝ። እጅጌዎቹን አጣጥፋ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ሻንጣው ከላይ ሲከፈት ቀድሞ የሚታይበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«ያለ ካፖርቱ ብገባ ያውቁብኛል» አለች።