የታሰረው ጡሩምባና ያልሞቱት አቶ ደሳለኝ

ለአካባቢያችን የጸጥታና የትእዛዝ አፈጻጸም ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ጡሩምባና አንድ ሰው እንዲፈቱልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ሐዘን የማሳውቅዎ ነገር አለ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር የሆነ፣ ወገቡ አንድ ጊዜ ተሰብሮ የተበየደ የእድራችን የነሐስ ጡሩምባ በቁጥጥር ሥር ከዋለ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል። ጋፋት ላይ መድፍ ከፈሰሰ ወዲህ በዚህ አገር ይህን ያህል የተፈራ ብረት አልታየም፤ ሊይዙት የመጡት የእርስዎ ታጣቂዎች ዘጠኝ ነበሩ። እንደ መለዋወጫ ዕቃውም ተቆጥረው ይሆናል፣ ነፊው አቶ ሙላቴ፣ የስድሳ ስምንት ዓመቱ አዛውንት፣ አብረውት ተወስደዋል።

ይህን ካልሁ በኋላ ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። ከጉና የሚወርደው ብርድ እርስዎን ሳይነካ እኛን ብቻ ገርፎ ይለፍ፤ ጤናዎ እንደ አጥርዎ የጠበቀ፣ እንቅልፍዎም በማንም ሬሳ ያልተቋረጠ ይሁን።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የእድራችን አባል አቶ ደሳለኝ፣ ገበሬና የአራት ልጆች አባት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ገብስ አስፈጭተው በአህያ ጭነው ሲመለሱ፣ ከተረተሩ ሥር ባለው መንገድ ላይ የእርስዎ ሰዎችና የማዶዎቹ ታጣቂዎች ይታኮሱ ነበር። አህያይቱ ብቻዋን ቤት ገባች። ጆንያው ተበስቶ ነበርና መንገዱን ሙሉ ዱቄት ስታንጠባጥብ ነው የመጣችው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዕግሥት ያንን ነጭ መስመር ተከትላ ሄዳ መጨረሻው ላይ ባሏን አገኘችው። ቅዳሜ ማለዳ አቶ ሙላቴ እንደ ወጉ ጡሩምባቸውን ነፍተው፣ «እድርተኛ ሁሉ ስማ! ደሳለኝ ዐርፏል፤ ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው» ብለው ተናገሩ። ለካስ ጽሕፈት ቤትዎ ዓርብ ማታውኑ «በሰላማዊ ሰው ላይ የደረሰ ምንም ዓይነት ጉዳት የለም» የሚል መግለጫ አውጥቶ ኖሯል። ጡሩምባና መግለጫ ተጣሉ ማለት ነው፤ መግለጫ ደግሞ አይታሰርም።

ስለ መልካም አስተዳደርዎ እያመሰገንሁ፣ ቅሬታዎቻችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. አቶ ሙላቴ የተከሰሱት «ሕዝብን በድምፅ መሣሪያ መቀስቀስ» የሚከለክለውን መመሪያ በመተላለፍ ነው። መመሪያው የተለጠፈው ማክሰኞ ሲሆን እሳቸው የተያዙት ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ሕጉ ከጥፋቱ ሦስት ቀን ዘግይቶ መድረሱን መንገድ ስለተዘጋበት ይሆናል ብለን ይቅር ብለነዋል። ያልገባን የተለጠፈበት ቦታ ነው። ከግቢዎ በር ወደ ውስጥ፣ ያለ ፈቃድ ማንም በማያልፍበት ግድግዳ ላይ ነውና ያለው፣ ሕጉን ለማንበብ ራሱ ፈቃድ ያሻል። በእኛ በባላገሮቹ ዘንድ ሕግ የሚባለው ገበያ መሃል ታውጆ የሰማው ላልሰማው እስኪነግር የታገሠ ነበር። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሏቸው ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጧቸው ታንገበግባቸው የነበረውም ስስት ይዟቸው አይደለም።

2ኛ. ባለፈው ታኅሣሥ ክቡር አባትዎ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ፣ ያንኑ ጡሩምባ ያንኑ አፍ ላይ አድርገው፣ ውርጭ እየረገጡ ሦስት መንደር የዞሩት እኚሁ አቶ ሙላቴ ነበሩ። መጣን፤ ተሸከምን፤ አፈር አለበስን። በዕለቱ መቀስቀሳችንን የጠየቀን የለም። የጽሕፈት ቤትዎ መኪናም በየገበያው ቀን ድምፅ ማጉያውን ሰቅሎ «ተረጋጉ» እያለ በጮኸ ቁጥር በቅሎ ጭነት ጥላ ትሸሻለች፤ እሱንም የከሰሰው የለም። እኛን አስሮ እናንተን የማይነካ ነገር ገመድ እንጂ ሕግ አይባልም ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ፣ አላልሁም።

3ኛ. ለማዶዎቹ አደላለሁ ብለው እንዳይቀየሙ። ከዚህ ሁሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ እነሱም ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር፤ ማኅተሙ ከእርስዎው ጋር እንዲያው መንታ ስለሚመስል ማኅተም ቀራጫችሁ አንድ ሳይሆን አይቀርም። ጦርነታቸው ፍትሐዊ መሆኑን ነገሩን፤ ስለዚህም አቶ ሙላቴ ጡሩምባ ነፍተው ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እንዲያስወጡላቸው አዘዙ። ሽማግሌው እንዲህ አሏቸው፦ «ልጆቼ፣ ይቺ ጡሩምባ የሞተውን ነው እንጂ የሚሞተውን ጠርታ አታውቅም።» አንዱ አፈሙዝ ቢያስጠጋባቸው፣ «በል እንግዲህ ተኩስና እኔን አስቀድመኝ፤ ለእኔ የሚነፋልኝ ብታገኝ!» ብለው ቁጭ አሉ። ሰዎቹ ሲሰድቧቸው ሄዱ። ለጦርነት ሰው አልጠራም ያሉት ሰው ናቸው እንግዲህ ለቀብር ሰው ጠሩ ተብለው የታሰሩት።

የእርስዎም ወረቀት የእነሱም ወረቀት ጦርነቱ ለእኛ ሲባል የሚደረግ ፍትሐዊ ጦርነት መሆኑን ይመሰክራል። ሁለቱንም ተቀብለን አመስግነናል። እኔ መማር የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍትሐዊ ጦርነት የገደለውን ሰው ይክዳል ወይ? በአገራችን ደመኛ እንኳ ሽማግሌ ልኮ «እኔ ነኝ» ይላል፤ «እኔ ነኝ» ያላለ ሰው ደሙ አይደርቅለትም። በዚያች ዓርብ ግን ሁለት ፍትሐዊ ጦሮች ተታኩሰው ጥይቱ ባለቤት አጣ። እውነቱን ልንገርዎና፣ ክቡር ሆይ፣ ከጥይቱ ይልቅ ያቅለሸለሸን ይህ ነው።

4ኛ. የሰፈራችን ባለሱቅ፣ የእድሩን ድንኳን ያዥ አቶ የሱፍ፣ ለአቶ ሙላቴ ዋስ ሊሆኑ ቢመጡ መርማሪዎ «ቀብሩ ላይ ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ኧረ በአላህ፣ ጎረቤት ሞቶብኝ የት ልሆን ኖሯል?» ቢሉት፣ እንግዲያው ግብረ አበር ነዎት፤ ቀብር ያልወጣ ዋስ ይምጣ ተባለ። ትእዛዝ ነውና መንደሩን በሙሉ አሰስን። ቀብር የቀረ አንድ ሰው ብቻ አገኘን፤ እሱም ራሳቸው አቶ ሙላቴ ናቸው። በዚያ ሰዓት እናንተ ዘንድ ነበሩ።

5ኛ. ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ ምሕረት አወረደ። አቶ ሙላቴ «የነፋሁት በሐሰት ነው፤ የሞተ ሰው የለም» ብለው ቢፈርሙ፣ እድሩም በማስታወቂያው ላይ ማረሚያ ቢያወጣ፣ በዚያው ዕለት ይፈታሉ ተባለ። ስንቅ የሚያመላልሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሬ እንደነገሩን መልሳቸው አጭር ነበር፦ «መፈረም አልችልም፤ አውራ ጣቴ ደግሞ መዋሸት አልለመደም።» ወይዘሮ ትዕግሥት በበኩሏ ባሏ አልሞተም ስለተባለ የሞት ማስረጃ ተከልክላለች፤ ጥቁር መልበሷም ከመግለጫዎ ጋር ይጋጫል። ዐርባው ሃያ ቀን ቀርቶታል። ላልሞተ ሰው ፍትሐት ማድረስ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስጠይቅ ለቄሶቻችን አስቀድሞ ይገለጽልን።

ከዚህ በላይ ክቡር ጊዜዎን ባልወስድ ደግ ነው። በሕይወት መኖራችንን በመግለጫ ሳይቀር እያረጋገጡልን ስለሆነ ውለታዎን እስከ መቃብራችን፣ ማለትም እስከ ቅርብ ጊዜ፣ እንደማንረሳ እያረጋገጥሁ፣ በፍጹም ትሕትና ከአጥርዎ ውጭ ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

ይሻው፣ የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለማዶዎቹ፣ ባሉበት ተረተር
ለአህያይቱ፣ ለምስክርነት ብትፈለግ ፈቃደኛ ናትና

ማሳሰቢያ፦ ዕድሜ ይስጥዎና፣ የእርስዎም ቀን የመጣ እንደሆነ የእድራችን ደንብ ማንንም አይለይምና እንመጣለን። ብቻ ጡሩምባችን እርስዎ ዘንድ ስለሆነ መሞትዎን የምንሰማበት መንገድ አጥተናል።

ማረሚያ፦ ጽሕፈት ቤትዎ በጠየቀው መሠረት እድራችን የሚከተለውን ማረሚያ በአክብሮት አውጥቷል። ቅዳሜ ማለዳ በጡሩምባ በተነገረው ማስታወቂያ ላይ «ደሳለኝ ዐርፏል» የተባለው በስሕተት ስለሆነ «ደሳለኝ ተገድሏል» ተብሎ ታርሞ ይነበብ። የገዳዩ ስም የሚጻፍበት ቦታ ክፍት ተትቷል፤ ከሁለታችሁ የሚመለከተው ይሙላው።