ገንዳውን የከፈትን ሰሞን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ ንጉሡ፤

እንዴት ከርመህልኛል? ክረምቱ ገባ መሰለኝ፤ ብርድ ሲመጣ የሚያምህ ጉልበትህ ዘንድሮ ተሻለህ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን ከታከመች ወዲህ መርፌ ላይ ክር ራሷ ታስገባለች ያልከኝ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እትዬ አሰፋሽስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ወልደአምላክ ትራኩን ይዞ ቴክሳስ ነው። ቤዚ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች።

ደኅና ነን ልበልህ እንጂ እኔስ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህችን ወረቀት ከጀመርኩ እንኳ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ጓሮ ደርሼ መጣሁ። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ሁልጊዜ አጠገብህ ስለምትሆን ነው። የወልደአምላክ የሥራ ባልደረባ ኦላና ወደ ባሕር ዳር ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ለቅቀን እዚህ አሌክሳንድርያ ቤት ስንገዛ፣ በጓሮው የመዋኛ ገንዳ እንዳለው ደብቄህ ነበር። ወልደአምላክ ገና ሲያየው ልቡ ሸፈተ። እኔ ግን ገንዳው ካልተሸፈነ እዚህ ቤት እግሬ አይገባም ብዬ አስማልኩት። ሰመር በሚሉት የሙቀት ወቅት እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድማችንን ብሥራትን ከጣና አውጥተህ በጀርባህ አዝለህ ስትመጣ በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ሲንቦጫረቅ ስሰማ ቦታውን ለቅቄ እሄዳለሁ። ቤዚ ግን ካንተ ሌላ አጎት እንደነበራት እንኳ አታውቅም ነበር።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ዋና ተምራለች፤ ጎበዝ ናት ይሉኛል። ዘንድሮ አባቷን ይዛ መጣችብኝ፤ ለምና ለምና አሸነፈችኝ። ሸራው ተነሣ፣ ገንዳው ተሞላ፣ ወልደአምላክም ፓምፑን አስነሥቶልን ወደ መንገዱ ሄደ። እሱ በሄደ በነጋታው ከፓምፑ ሥር ያለው ሲሚንቶ ረጥቦ አገኘሁት። ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ዙሪያውን ያንጠባጥባል። ውኃውን እያዞረ የሚያጣራው ይኸው ፓምፕ ነው፤ እሱ ከቆመ ገንዳው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰውም አይገባበትም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። እግዜር ጸሎቴን ሰማ አልኩ። ፓምፑን አጥፍቼ ለቤዚ ተበላሽቷል፣ አባትሽ እስኪመለስ የሚነካው የለም አልኳት። ለወልደአምላክ ኮል ሳደርግለት እሱም ተይው፣ ስመጣ አየዋለሁ አለኝ። ቤዚ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ፎጣዋን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና በዚያች ስብርብር አማርኛዋ፣ «ማሚ፣ በመበላሸቱ ደስ ብሎሻል፤ አይደል?» አለችኝ።

ያን ቀን የጠረግሁትን መልሼ ስጠርግ፣ ያጠብኩትን ዕቃ መልሼ ሳጥብ ዋልኩ። ሥራም ሄጄ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር የወልደአምላክን የመፍቻ ሣጥን አወጣሁ። ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጠፋሁ። መጀመሪያ ባጠብቀው የሚበቃው መስሎኝ መጋጠሚያውን በመፍቻ አስጨነቅሁት፤ መልሼ ሳስነሣው ጭራሽ ባሰበት። እንደገና አጥፍቼ፣ ውኃ እንዳይመጣ በወዲህም በወዲያም ያሉትን መዝጊያዎች ዘግቼ ፈታሁት። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰንጥቋል። በሶፍት ጠቅልዬ ስፕሪንግፊልድ ካለው የዕቃ መደብር ወሰድኩት። ሻጩ አምሳያውን ፈልጎ ሰጠኝ፤ ቅባትና በመጋጠሚያው ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ነጭ ቴፕም ጨመረልኝ። ቴፑን ጥርሱ በሚጠብቅበት በኩል ጠምጥሚው፣ አለዚያ ስታጠብቂው ይፈታብሻል አለኝ። ዕቃው ፕላስቲክ ነውና በኃይል እንዳልታገለው መከረኝ።

ምክሩን ሰምቼ፣ ቤት ስደርስ ግን ቸኩዬ በተቃራኒው ጠመጠምኩት። ቤዚ ከበረንዳው ላይ ስታየኝ ቆይታ ወረደችና ቱቦውን ቀጥ አድርጋ ያዘችልኝ። ቴፑን ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩ፣ ቀለበቱን ቅባት ቀባሁ፣ በእጄ አጠበቅሁ። ፓምፑን ስናስነሣው መጀመሪያ እንደሚያስለው ሰው አየር ተፋ፤ ከዚያ ውኃውን ያዘ። ደረቅ ሶፍት መጋጠሚያው ላይ አስጠጋሁ። አልረጠበም። ፓምፑ ውኃውን ሲያጣራ ጠብቀን፣ ማግስቱን ቤዚ «ልግባ?» አለችኝ። ግቢ አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ዘላ ገባች። ከውኃው ሥር እንደ ዓሣ ስትሄድ እኔ በዳሩ በኩል ከእሷ እኩል እሮጣለሁ፤ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ከወዲያኛው ጫፍ ብቅ ስትል እየሳቀች ነበር። አየችኝና ሳቋን ተወች። ወጥታ አጠገቤ ቆመችና ቀስ ብላ፣ «ማሚ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

እዚያው ዳሩ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። ታንኳው እንዴት እንደተገለበጠ፣ አንተ እንዴት እንደገባህለት፣ እማዬ ከዚያ በኋላ ሐይቁ በሚታይበት መንገድ ሄዳ እንደማታውቅ። ብሥራት የቄሱንም የመምህሩንም አካሄድ እየቀዳ እንዴት ያስቀን እንደነበርም ነገርኳት፤ ተነሥቼ አካሄዱን አሳየኋት፣ ሳቀች። ቀጥላ መልኩ ምን ይመስል ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቱ አልመጣልኝ አለ፣ ወንድም ጋሼ። ድምፁ አለ፣ እርምጃው አለ፣ ፊቱ የለም።

እንቅልፍ የነሣኝ፣ ከወንበር የሚያስነሣኝ አሁን ይህ ነው። እባክህ እማዬ በሣጥኗ ያስቀመጠችውን የብሥራትን ፎቶግራፍ አስቀድተህ በኦላና መልስ ላክልኝ። ለምን እንደሆነ ከጠየቀችህ አትደብቃት። ጓሯቸው ውኃ አለ፣ የልጅሽም ልጅ ዋና ታውቃለች በላት።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። እትዬ አሰፋሽን አንገቷን አቅፈህ ሰላም በልልኝ። ሳሌምን ለፈተናዋ በርቺ በላት፤ ዮሐንስን ግንባሩን ሳምልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ ካሰች፣ ለጤናቸው እንደምጸልይ ንገርልኝ። ቤዚ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ አንተን ለብቻህ።

እህትህ ዘነበወርቅ

አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ
ሰኔ ፳፪ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.