ሰባውም አንድ፣ መቶ ሃያውም አንድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2008

ዛሬ የበር ነገር ሲያስቀኝ ዋለ። ጠዋት ብረት ሠራተኛው አብዲ ከቀብሪበያ ደወለልኝ። ፕላኑን የነደፍሁትን ክሊኒክ በሮች ነገ ማለዳ ሊቆርጥ ነው፤ ከቢሮ የላክሁለትን የበር ሠንጠረዥ ይዟል።

«እዶ» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። «የሽንት ቤቱም ስፋት አንድ፣ የማዋለጃውም አንድ ይላል። ሽንት ቤት ከነአልጋው ነው እንዴ የሚገባው?»

ሳቅሁ፤ ግን ደነገጥሁም። ኮምፒውተሩ ላይ ፕላኑን ስከፍት በሮቹ ልክ ናቸው፤ የሽንት ቤቱ ሰባ ሴንቲ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ግን 1 ይላል። እያወቀ ለምን ይደብቃል? ስጎረጉር ደረስሁበት፦ ልኩን በሜትር እንዲጽፍ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውንም ወደ ሙሉ ቁጥር እንዲያጠጋጋ ተደርጓል። ነጥቡን መለስሁና ለአብዲ በስልክ አነበብሁለት፤ «ዜሮ ነጥብ ሰባ።»

«ዜሮውን ምን ላድርገው እዶ? እዚህ በር በሜትር የሚጠራ የለም። ሰባ በይኝ።»

እውነቱን ነው። ሜትሩን ወደ ሴንቲሜትር ስለውጠው ሰባ፣ ዘጠና፣ መቶ ሃያ እያሉ ተደረደሩ። ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ እየመለስሁ አየሁት። ለአብዲም አዲሱን ላክሁለት።

አሁን የማስበው ቀደም ሲል የነደፍሁትን የሐርሺኑን ትምህርት ቤት ነው። የዚያንም ሠንጠረዥ ያወጣሁት በዚሁ ኮምፒውተር ነው። በሮቹ ከተገጠሙ ቆዩ፣ ማንም አልደወለልኝም። የዚያ አገር ብረት ሠራተኛ ወረቀቴን ትቶ ክፍተቱን በራሱ ሜትር ለክቶ ይሆን? ነገ አብዲን እጠይቀዋለሁ፤ ሰውዬውን የሚያውቀው ከሆነ ግን ይስቅብኛል።