መልስ መስጠት ያስረሳችሁት ወንድሜ

ለተከበሩ የሥራ መሪዎች ማሠልጠኛ ዋና አሠልጣኝ፤

በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አዳራሹ ውስጥ ቆመው የሚያጨበጭቡልዎትም ሁሉ ጤናችሁ እንዴት ነው? ደህና እንደምትሆኑ አልጠራጠርም፤ ጠይቆ ብቻ የሚኖር፣ መልሱን ለሌላ ሰው የሚተው ምን ያሳምመዋል ብዬ። እኔ የሠልጣኝዎ የባለ ዳቦ ቤቱ ታላቅ እህት ነኝ። ገባ እንዳሉ መደርደሪያው ጋ ቆማ ዳቦ የምትሸጠው ወፍራም ሴትዮ እኔው ነኝ። ትምህርቴ ብዙም ስላልሆነ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ክቡርነትዎን ያስቸገርኩት ወድጄ አይደለም። እናታችን ሆስፒታል ተኝታለች። ስኳሩ እግሯን ጨርሶት ዶክተሩ ከጉልበቷ በታች ይቆረጥ ይላል፤ እሷ ደግሞ «ማሙሽ ይሁን ካለ ይሁን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ማሙሽ የምትለው ሠልጣኝዎን ነው፤ ዕድሜው ቢገፋም ለእሷ ማሙሽ ነው። ሠልጣኝዎ ግን ከእርስዎ ዘንድ ከተመለሰ ወዲህ መልስ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጠባዩ። ውሸት አልናገርም፣ ወንድሜ አፈ ክፉ ነበር። ዳቦ ትንሽ ካረረ ጩኸቱ መንገድ ማዶ ጫማ ጠጋኙ ዘንድ ይሰማል። ሥልጠና ሊሄድ ነው ሲባል ሁላችንም ደስ ብሎን ሸኘነው። ድምፁ ለስልሶ፣ ፈገግታ ተምሮ ሲመጣ እሰይ አልን። ስድቡን ብቻ የወሰዳችሁለት መስሎን ነበር፤ ለካ ከነመልሱ ነው።

ሁለተኛ፣ «መሪ አያዝም፣ ይጠይቃል» የሚለውን ትምህርትዎን በትልቁ አስጽፎ ከምድጃው በላይ ለጥፎታል። ማለዳ ማለዳ ክብ ሠርተን ቆመን የተሰማንን እንናገራለን። ክቡርነትዎ ዳቦ ጋግረው አያውቁ ይሆናል እንጂ ምድጃ የሰው ስሜት ተነግሮ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ቀን ጋጋሪያችን ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ሁላችንም ዓይናችን እንባ አቀረረ፤ ቤቱ በጭስ ሲታፈን ነው እንባው ከምን እንደመጣ የገባን። ወንድሜም ከሰል የሆነውን ዳቦ በእጁ ይዞ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «ከዚህ ምን ተማርን?» አለን። ጋጋሪው ምስኪን ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ጋሼ፣ በሞቴ እንደ ድሮው ይስደቡኝ!»

ሦስተኛ፣ አባ ሊጥ ስለምንለው አቡኪያችን። ሚስቱ ምጥ ይዟት ስልክ ሲደወልለት እጁ እስከ ክርኑ ሊጥ እንደሆነ ሮጦ «ልሂድ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜም በፍቅር ትከሻውን ይዞ «አንተ ምን ይመስልሃል?» አለው። ሰውየው ቢሄድ ከሥራ ይባረር፣ ቢቀር ይመሰገን ምን ይወቅ፤ ከሊጡ ጋር ተገትሮ ቀረ። «ኧረ ሂድ አንተ ሰው!» ብዬ የጮህኩበት እኔ ነኝ። ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ሰው ብንልክበት ሂድ ወይም አትሂድ የሚል አለቃ ያለበት ቤት ተቀጥሬአለሁ ብሎ ሰላምታውን ላከልን። እንግዲህ እሱን አጥተን ሊጡን በየተራ እያቦካን ነው፤ ወገቤ ክቡርነትዎን ያመሰግናል።

እትዬ ይለኝ የነበረው ወንድሜ አሁን «የሽያጭ ቡድን መሪያችን» እንደሚለኝም ሳልጠቅስ አላልፍም። ለሹመቱ እግዜር ይስጥልኝ።

ወደ እናታችን ልመለስ፤ ይህን እንኳ አራተኛ ብዬ መቁጠሩ ይቅርብኝ። ቢሮው ገብቼ ዶክተሩ ያለውን ነገርኩት። ስልኩን አጠፋ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ዓይኔን ትኩር ብሎ እያየ አዳመጠኝ፤ ማዳመጡን በደንብ አስተምረውታል፣ የሰው ሐቅ አልበላም። ስጨርስ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለኝ። እኔማ የሚመስለኝ ብዙ ነው። ይቆረጥ ብዬ ብትሞት፣ አይቆረጥ ብዬም ብትሞት ብቻዬን ተሸክሜው መኖር አልችልም፤ እባክህ አብረን እንሸከመው አልኩት። ሠልጣኝዎ ምን አለኝ መሰለዎት? «ስሜትሽን ስላካፈልሽኝ አመሰግናለሁ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ዞር ብዬ ሳየው ግን የተነሣሁበትን ወንበር በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ቆሟል። አባታችን የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ ቤቱን በጩኸት አናጋው እንጂ ያ ሁሉ ፍርሃት ነበር። ድሮ ሲፈራ ይጮሃል፣ አሁን ሲፈራ ይጠይቃል። የሚደበቅበትን ቀየሩለት እንጂ ፍርሃቱንስ አልነኩትም፣ ክቡርነትዎ። በጮኸ ጊዜ ቢያንስ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

እናታችን በገባሁ ቁጥር «ምን አለ?» ትለኛለች። «እያሰበበት ነው» እላለሁ። ትናንት ይህን ስላት «ልጄ ምን ሆነብኝ?» ብላ ለእግሯ ያላለቀሰችውን ለእሱ አለቀሰች። ዶክተሩ ውሳኔያችሁ ከሐሙስ አይለፍ ብሏል።

ስለዚህ እግርዎ ሥር ወድቄ የምለምነው፣ ለድሮ ሠልጣኞች የሚሰጥ የግማሽ ቀን ትምህርት ካለዎት «አዎ» እና «አይ» የሚባሉትን ሁለት ቃላት መልሰው እንዲያስተምሩልኝ ነው። ያም ካልተመቸ ስልክ ይደውሉለት። ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማል።

የከበረ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮት፣ ካረረ ዳቦ ሽታና እንቅልፍ ካጣ ዓይን ጋር እጅ እነሣለሁ።
የሠልጣኝዎ ታላቅ እህት፣ የሽያጭ ቡድን መሪ

የረሳሁት፦ መልስ ለመጻፍ አይድከሙ፤ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» እንደሚሉኝ አውቄዋለሁ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴም ወንድሜ ስምዎ ያለበትን ሁሉ ስለሚያነብ ነው። ማሙሽዬ፣ እስከ ሐሙስ ነው። ይሁንም በል፣ አይሁንም በል፣ እኔ ከጎንህ ነኝ። ከፈለግህ ጮኸህ ንገረኝ።