ሰባተኛው ከረጢት፦ የእትዬ እሹሩሩ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ እሹሩሩ» ሲሉ የሚጠሯቸው እኅታችን ከመነጽር ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ሩቅ አገር የመማር ዕድል የደረሰው ለታናሽ ወንድማቸው ነው። ዓይን የደረሰው ግን ለእሳቸው ነው።

የሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ሥልጠና ጨርሰው በ1968 ዓ.ም. ደም ባንክ ተቀጠሩ። ሥራቸው ፕሌትሌትን፣ ማለትም ስንቆስል ደም የሚያረጉትን ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ መጠበቅ ነበር። ፕሌትሌት ቅዝቃዜ አይወድም፤ ሳያቋርጥ በቀስታ መወዝወዝም አለበት። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲቆም መደርደሪያውን በእጃቸው ሲወዘውዙ ስለተገኙ ቅጽል ስሙ ወጣላቸው። ማሽኑን ሊጠግኑ የመጡት ባለሙያ አንዲት ብሎን ለመቀየር ስድስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በ1973 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

እትዬ ፕሌትሌት የሚቀመጥበትን ከረጢት በመስኮቱ ብርሃን ላይ ቀስ አድርገው ሲያዞሩት፣ ጤነኛው እንደ ሐር ያብለጨልጫል። ያኔ «ጎበዝ!» ይሉታል፣ ከረጢቱን። ደም ለማርጋት ያለጊዜው የተቀሰቀሰው ፕሌትሌት ግን ቅርጹ ስለሚለወጥ ብልጭታው ይጠፋል።

ወንድማቸው በ1988 ዓ.ም. ዶክትሬቱን ይዞ ተመለሰ፤ መመለሱ ትክክል እንደነበር እስከ ዛሬ አልወሰነም። ያጠናው የፕሌትሌትን ሽፋን ነው። በደኅናው ጊዜ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ተሸሽጎ የሚኖር የቅባት ዓይነት አለ። ፕሌትሌቱ ሲቀሰቀስ ያ ቅባት ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖችም እዚያ ላይ ይሰበሰባሉ። ወንድማቸው እዚያው ደም ባንክ ተቀጥሮ ይህን በማሽን ይለካ ነበር። የባንኩ ሠልጣኞች ግን የእሱን ቢሮ አልፈው ከእትዬ መስኮት ሥር ይሰለፉ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ሁለቱ ዐሥራ ሁለት ከረጢቶች መረመሩ። እትዬ በሩብ ሰዓት ጨረሱ፤ ወንድማቸው ሦስት ቀን ፈጀበት። በዐሥራ አንዱ ተስማሙ። ሰባተኛውን እሳቸው ደኅና ነው ሲሉ፣ ማሽኑ ቅባቱ ተገልብጧል አለ።

«አንተ ሊቅ፣ ናሙናውን በቀጭን መርፌ ስትስበው አንተው ቀስቅሰኸዋል» አሉት።

ማንም ሳያይ በሰፊ መርፌ ደግሞ ለካ፤ እውነታቸውን ነበር። ሆኖም ባሳተመው ጥናት ላይ ሰባተኛውን «የእይታ ስሕተት» ብሎ ጻፈ፤ ስማቸውንም አላነሣም። ከቅናት በቀር ምክንያት አልነበረውም።

እትዬ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2014 ዓ.ም. መቅኒያቸው ታሞ የራሳቸው ፕሌትሌት አለቀ። ከረጢት በመጣላቸው ቁጥር ሳያዩ አያሰቅሉም ነበር። አንድ ቀን ወንድማቸው ከረጢቱን በመስኮቱ በኩል ይዞላቸው ሳለ የሰባተኛውን ነገር ተናዘዘ።

«ያኔም ዐውቄ ነበር። አሁን ቀስ አድርገህ አዙረው እንጂ!» አሉት።

አዞረው። «ጎበዝ!» አሉ። ለከረጢቱ ነበር። ወንድማቸው ያን ከረጢት ዛሬም ይቀናበታል።

እትዬ የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። የጥናቱ ማረሚያ ትናንት ተልኳል፤ የእሳቸው ስም ከወንድማቸው ስም ይቀድማል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እዚህ፣ በሚያውቋቸው ፊት ይነበብ፦ ሰባተኛው ከረጢት ደኅና ነበር።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይደክመው እጁ እሹሩሩ ይበልልን።