ለዋሴ ለእናቴ

ይድረስ ለእማዬ፣ ዳባት። እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ሸጋ ነኝ፤ ከሸጋም በላይ ነኝ። ስልኩ እንቢ ስላለኝ ነው ወረቀቱን በሾፌር የላክሁልሽ። እህቴ ሥርጉት ታንብብልሽ፤ ሌላ ሰው ግን አይስማ።

ጎንደር ላይ የብረት በር የሚያሠራ ሁሉ አሁን እኔን ነው የሚፈልግ። አብረውኝ ብየዳ ከሠለጠኑት እንደኔ የሚገጥም የለም፤ አሠልጣኙ ራሱ መስክሮልኛል። ማራኪ ሰፈር የከፈትሁትን የብየዳ ቤት ብታይው ትደነግጫለሽ። ሥልጠናውም ብድሩም ለባለእጅ ልጆች ብቻ የመጣ ነውና ያንቺ ሸክላ ሠሪነት አንድ ቀን ጠቀመኝ። ዋስ ሆነሽ አሻራሽን ባታሳርፊ ማሽኑም አይገዛም ነበር። ይህን አልክድም።

አሁን ሚስት ላገባ ነው። ፀደይ ትባላለች፤ አባቷ አያ ምንዳዬ በሬው ተቆጥሮ የማያልቅ ገበሬ ነው። ሽማግሌ ብልክ ራስህ መጥተህ ዘር ቁጠር አለኝ። ባባቴ በኩል የሆነውንም ያልሆነውንም ደረደርሁለት። "እናትህስ?" ሲለኝ ምን ልበል? ሸክላ ሠሪ ናት ያልሁት እንደሁ ቡዳ ብሎ ልጁን ሊከለክለኝ ነው። ሞታለች አልሁት።

በዚያው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን "ምነው፣ የአማቻችን እናት ሞታ ለቅሶ ሳንደርስ?" ብሎ ዘመዱን ሁሉ ይዞ ከች አለ። ድንኳን ተጣለ። ሙሾ አውራጅ ሳይቀር አምጥተው "እጇን ጭቃ ያልነካት እመቤት" እያለች ስታወርድልሽ እኔ ደረቴን መታሁ። እንባው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አልቆም አለኝ። እናቱን የሚወድ ልጅ ነው ተባልሁ። አያ ምንዳዬ አቅፎ ያነሣኝ፣ ልጄን ውሰድ ያለኝም ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ቤቱ ሲመረቅ እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። አበዳሪዎቹ ዋሷ አለች ወይ ብለው ዳባት ድረስ ይመጣሉ፤ ለነሱ አለሁ በያቸው። ዋስትናውን ያነሣሽ እንደሁ ማሽኑን ይወስዱታል፣ ሠርጉም ይቀራል፣ እኔም እንደ አባቴ ወናፍ ስነፋ እኖራለሁ። ይለፍለት ብለሽ የገባሽበት ነው።

ሠርጌን ማየት ካማረሽ መላ አለኝ። ለድግሱ ድስት ከዳባት ሸክላ ሠሪ አዝዣለሁ ብያቸዋለሁ። አምጥተሽ በጓሮ አራግፊ፣ ዋጋሽን ፀደይ ትሰጥሻለች። ሰው ወደሚበላበት አትጠጊ፣ ዓይን ይፈራሉ። እኔንም አፍጥጠሽ አትይኝ። የሙሽራውን እናት አንሥተው ነፍሷን ይማረው ሲሉ ከሰማሽ አብረሽ አሜን በይ። ዝም ካልሽ ያውቁብሻል።

ለሥርጉት ጫማ ልኬላታለሁ። ጸሎትሽ አይለየኝ። መድኃኔዓለም ዕድሜ ይስጥሽ፣ ብድሩ እስኪያልቅ እንኳ።

ስሜን ያልጻፍሁት ለጥንቃቄ ነው።

ልጅሽ